የፈቃደኞች ሶፍትዌር ገጽ በማን እጅ ይሁን?

ሶፍትዌር ወደ አማርኛ ለመመለስ የተሰባሰቡ ተማሪዎች «ቲቸር፣ ፌስቡክ ላይ ገጽ እንክፈት?» ብለው ጠየቁኝ። መክፈቱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከባዱ ማን እንደሚይዘውና ምን እንደሚወጣበት ነው። ስለዚህ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ኦፕን ሶርስ የምንለው ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ የፈለገ አስተካክሎ መልሶ የሚያካፍለው ሶፍትዌር ነው። ከአንጋፋዎቹ አንዱ በ1993 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የተጀመረው ደቢያን ነው። ዛሬም በፈቃደኞች ነው የሚሠራው። ኮምፒውተር ላይ ስትጭኑት በሚመጣው የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ አለ።

ደቢያን አጭር ዜናውን መጀመሪያ የሚያወጣው በራሱ ድረ ገጽ ላይ ነው። ዜና ያለው አባል ረቂቁን ይልካል፣ ቡድኑ አይቶ ያወጣዋል። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚታየው የዚያ ቅጂ ነው። በጃንዋሪ 2025 ቡድኑ ኤክስ ላይ (ድሮ ትዊተር በነበረው) ከእንግዲህ አንጽፍም አለ። እዚያ ያለው ስድብና የሐሰት ወሬ ከደንባችን ጋር አይሄድም ነው ምክንያቱ። ዋናው ጽሑፍ ቤቱ ስለነበረ መውጣቱ አልከበደውም።

በዚያው ወር እዚህ ጁባ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ዋድ መዳኒ ላይ ደቡብ ሱዳናውያን ሲገደሉ የሚያሳይ ቪዲዮ በየስልኩ ዞረ። ከተማችን ውስጥ የሱዳናውያን ሱቆች ተዘረፉ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ። የመንግሥት የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፌስቡክና ቲክቶክ እስከ 90 ቀን እንዲዘጉ አዘዘ። ደግነቱ በሳምንት ውስጥ ተነሣ። አገር ቤትም በ2023 ከፌብሩዋሪ እስከ ጁላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ነበር። እንግዲህ ሥራችሁ ሁሉ ፌስቡክ ላይ ብቻ ካለ፣ እሱ ሲዘጋ እናንተም የላችሁም ማለት ነው። የምትለጥፉትን ሁሉ መጀመሪያ ፋይል አድርጋችሁ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተርና በፍላሽ ያዙ።

አሁን ወደ ቁልፉ። ስደተኛ ሰው ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ሪሴትልመንት ወጥቶለት ይሄዳል። ገጹ በእሱ ስልክ ብቻ ከሆነ ገጹም አብሮት ሄደ። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ሰው አስተዳዳሪ ይሁን፣ እያንዳንዱም በራሱ አካውንት ይግባ። ፓስወርድ መዋዋስ ይቅር። ደግሞ የማረጋገጫ ኮዱ ወደ የትኛው ሲም እንደሚላክ እዩ። አገር ቤት ወደ ቀረ ሲም ከሆነ አንድ ቀን ውጭ ትቀራላችሁ። ፌስቡክ የሚሰጣቸውን 10 የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ገልብጣችሁ ቆልፋችሁ አስቀምጡ።

ፎቶ ላይ እኔ ግትር ነኝ። እኛ መካከል ያለ ሰው ከማን እንደሸሸ አናውቅም። የሚፈልገው ሰውም ፌስቡክ አለው። እጅና ኪቦርድ፣ ስክሪን፣ የተጻፈ ሰሌዳ በቂ ነው። የልጆች ፊት በፍጹም አይወጣም፣ የአዋቂም ቢሆን ሳይጠየቅ አይወጣም።

ምን ይለጠፍ ላላችሁት፣ የእንኳን አደረሳችሁ ፖስተር ሰው አያመጣም። የተቸገራችሁበትን ቃል ጠይቁ። «ሴቭ» የሚለውን «አስቀምጥ» እንበለው ወይስ «መዝግብ»? እንዲህ ያለ ጥያቄ ላይ ሁሉም ሐሳብ አለው፣ ከሚከራከሩት አንዱ ሁለቱ ተርጓሚ ሆነው ይቀራሉ። ትርጉማችሁን በኃይለኛ ቃል የነቀፈ ሰው መልስ ይገባዋል። ብሔር የሚሳደብ ግን ክርክር ሳይነሣ ይሰረዝ። በየቀኑ ገብቶ የሚያይ ሰው ከሌለ (የዳታ ዋጋ ታውቃላችሁ) አስተያየት መስጫውን ብታጠቡት ይሻላል።

የመጀመሪያው ጽሑፍ በ«ሴቭ» ላይ እንዲሆን ከልጆቹ ጋር ተስማምተናል። የተሻለ ቃል ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች በወረቀት ጽፋችሁ ስጡን።