የሚነፋ ጀልባ ገዢ ከቱቦው በፊት ወለሉን ይጠይቅ

በአየር ተነፍቶ የሚሠራ ጀልባ ከውጭ ለማስመጣት የሚነሣ ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ርዝመቱን፣ የሚጭነውን ሰው ብዛትና ዋጋውን። የሻጩ ፕሮፎርማም እነዚህኑ ይዞ ይመጣል። ሁለት ጀልባዎች እኩል ሦስት ሜትር ሆነው፣ ከአንድ ዓይነት ጨርቅ ተሠርተው፣ የአንዱ ዋጋ ከሌላው የሚርቅበትን ምክንያት ግን ከሦስቱ አንዱም አይናገርም። ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ያለው ሰው በሚቆምበት ቦታ፣ በወለሉ ላይ ነው።

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በዶላር የተገዛ ዕቃ ላይ የሚደርስ የምርጫ ስህተት በብር ሲታሰብ ከቀድሞው የከበደ ሆኗል። ጀልባ ደግሞ ጅቡቲን አልፎ ከገባ በኋላ “ወለሉ አልተስማማኝም” ተብሎ የሚመለስ ዕቃ አይደለም።

ጀልባውን የሚያንሳፍፉት የጎን ቱቦዎቹ ናቸው። ቅርጹን የሚጠብቀውና የሞተሩን ግፊት ከኋላው ሳንቃ ተቀብሎ ወደ ፊት የሚያደርሰው ግን ወለሉ ነው። ወለሉ ልል ከሆነ ሞተሩ ሲገፋ ጀልባው ከወገቡ ይታጠፋል፤ አፍንጫው ወደ ላይ፣ ቂጡ ወደ ታች ይሄዳል። ቤንዚኑ ይቃጠላል፣ ፍጥነቱ ግን የለም። ጠንካራ ወለል ያለው ጀልባ በቂ ሞተር ሲያገኝ ከውኃው ከፍ ብሎ በላዩ ላይ ይንሸራተታል፤ በዚህ ጊዜ በተመሳሳይ ነዳጅ የሚሸፍነው ርቀት ይጨምራል።

ከእርብራቡ እስከ አየር ወለሉ

በዋጋም በክብደትም ዝቅ የሚለው የእርብራብ ወለል ያለው ነው። ጠባብ የእንጨት ርብራቦች በጨርቁ ውስጥ በአግድም ይገባሉ፤ ጀልባው ሲተነፍስ ወለሉ ሳይወጣ አብሮ ይጠቀለላል። ከሁለት እስከ አምስት የፈረስ ጉልበት ላለው ሞተርና ለአጭር ርቀት ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ይታጠፋል።

ሁለተኛውና ሻጮች አብዝተው የሚያወድሱት የአየር ወለል ነው። አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። የላይኛውና የታችኛው ጨርቅ እኩል ቁመት ባላቸው በሺዎች በሚቆጠሩ ክሮች የተያያዙ ናቸው። ክሮቹ ባይኖሩ አየሩ ወለሉን እንደ ትራስ ያሳብጠው ነበር፤ ክሮቹ ስለሚይዙት ግን እንደ ሳንቃ ጠፍጣፋ ሆኖ ይጠነክራል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ የአሜሪካው ጉድይር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 በአየር የሚነፋ አውሮፕላን ሠርቶ ሲያበርር ለክንፉ የተጠቀመው እንዲህ ያለውን ጨርቅ ነበር።

የዚህ ወለል ጥንካሬ ያለው በግፊቱ ነው። የጎን ቱቦዎች በአብዛኛው 0.25 ባር ገደማ ሲነፉ ወለሉ 0.7 ወይም 0.8 ባር ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ከዚያም ያልፋል። ብዙ ገዢ “ይለሰልሳል” ብሎ የሚያማርረው ወለሉን በቱቦው ልክ ነፍቶ በመተው ነው። በእግር የሚረገጥ ተራ መንፊያ እዚያ ግፊት ላይ ለመድረስ ይቸገራል። ስለዚህ የግፊት መለኪያ ያለውና ለወለሉ የሚበቃ መንፊያ ከጀልባው ጋር አብሮ መታዘዝ አለበት፤ ይህን ትቶ በወለሉ ማማረር ተገቢ አይደለም።

ቀላልነቱ፣ ቶሎ መሰብሰቡና ለጉልበት ምቹ መሆኑ እውነት ነው። ሻጩ የማያነሣው ግን ክሮቹ ከተበጠሱ ወለሉ በዚያ ቦታ እንደሚያብጥና ጥገናው የማያዋጣ መሆኑን ነው። ቀዳዳ ይለጠፋል፤ የተበጠሰ ክር ግን አይቀጠልም። የዓሣ እሾህና መንጠቆ፣ የጫማ ተረከዝም ወዳጆቹ አይደሉም።

ሳንቃው

ሦስተኛው እየተገጣጠመ የሚገባ የሳንቃ ወለል ሲሆን ከኮምፔርሳቶ ወይም ከአሉሚኒየም ይሠራል። ቱቦዎቹ በጥቂቱ ተነፍተው ሳንቃዎቹ ይገባሉ፤ ከዚያ በጎንና በጎን ማጠንከሪያ ይገጠምና ቱቦው ይሞላል። ሦስት ሜትር ገደማ በሆነ ጀልባ ላይ ከአየር ወለሉ 15 ኪሎና ከዚያም በላይ ሊከብድ ይችላል። ጣት የቆነጠጠው ሰው አይረሳውም። ነገር ግን ሰው ይቆምበታል፣ የቤንዚን በርሜልና መልሕቅ ይቀመጥበታል፣ ትልቅ ሞተርም ይችላል።

ኮምፔርሳቶው ቫርኒሹ በተፋቀበት ጠርዝ ውኃ ጠጥቶ ይበሰብሳል። አሉሚኒየሙ አይበሰብስም፤ ሆኖም እንደ ሻላ ባለ ሶዳ በበዛበት ውኃ ይበላልና በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይፈልጋል። ሁለቱም የሚጋሩት ጠላት አሸዋ ነው። በሳንቃውና በታችኛው ጨርቅ መካከል የገባ አሸዋ ጀልባው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጨርቁን ከውስጥ ይፈጨዋል። ገዢው ቀዳዳውን የሚያገኘው ከድንጋይ ጋር ያልተጋጨ ጀልባ ውኃ ሲያስገባ ነው።

አራተኛው ከነጭራሹ የማይጠቀለለው፣ ሆዱ ፋይበር ግላስ ወይም አሉሚኒየም ሆኖ ቱቦው በዙሪያው የተያያዘው ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዌልስ የሚገኘው አትላንቲክ ኮሌጅ ነበር፤ የባሕር ሕይወት አድን ጀልባዎችም በስፋት ተቀበሉት። በአነዳድ የሚስተካከለው የለም። ችግሩ ያለው ኮንቴይነሩ ላይ ነው፤ ጥቅል ሆኖ በካርቶን የሚመጣው ጀልባ ለጭነት የሚከፍለውና ይህ የሚከፍለው አይገናኙም።

ከፍታው የሚቀንሰው ጉልበት

የአውሮፓና የእስያ ሻጮች ካታሎግ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ሐዋሳ፣ ላንጋኖና የቢሾፍቱው ባቦጋያም ከ1,500 ሜትር በላይ ናቸው። ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ በግምት ሦስት በመቶ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው ጣና ላይ የሚሠራው እንደ 12 ነው። በካታሎጉ ላይ ከውኃው ከፍ ብሎ የሚንሸራተተው ጀልባ እዚህ የማይነሣው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከጎደለው ጉልበት ላይ የለሰለሰ ወለል ከተጨመረ ገዢው የከፈለበትን ፍጥነት ጨርሶ አያየውም። በደጋ ሐይቆች ላይ የወለል ጥንካሬ ከጠረፍ ይበልጥ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ፀሐዩም የራሱ ጣጣ አለው። በጠዋት ብርድ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት 0.25 ባር የተነፋ ቱቦ ዳር ላይ ተጎትቶ ቀትር ላይ 45 ዲግሪ ቢደርስ፣ በስሌት ግፊቱ ወደ 0.36 ባር ይጠጋል። ውኃ ላይ ያለ ጀልባ ይቀዘቅዛል፤ ችግሩ የሚመጣው ዳር ሲውል ነው። ትርፍ አየር የሚያስወጣ ቫልቭ ያለው ወለል ጥቂት ብልጫ ቢኖረው አይቆጭም።

ማን የትኛውን?

ጀልባውን ዓመቱን ሙሉ ከሎጁ ወደብ አስሮ የሚያከራይ ባለሀብት የሚጠቀለል ጀልባ ሲገዛ የማይጠቀምበትን ነገር ይገዛል። ለእርሱ የአሉሚኒየም ሳንቃ፣ አቅም ከፈቀደም ጠንካራ ሆድ ያለው ይሻለዋል፤ የተከራይ ጫማ አይመረጥምና። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በመኪናው ጭኖ ላንጋኖ ወርዶ እሑድ ማታ የሚመለስ ቤተሰብ ግን ሳንቃ ሊገጣጥም አይገባም፤ የአየር ወለል ለእርሱ የተሠራ ነው። የእርብራቡ ቦታ ከትልቅ ጀልባ ወደ ዳር ሰው ማሻገር ነው።

አዞና ጉማሬ በሞላበት በጫሞ ላይ ግን የትኛውም የሚነፋ ጀልባ ለጎብኚ አይመከርም። ጥርስ የወለል ዓይነት አይለይም።

ደላላውም ሆነ አስመጪው ኤል.ሲ. ከመክፈቱ በፊት በጽሑፍ የሚጠይቀው አለ፤ የወለሉ ዓይነትና የሥራ ግፊቱ፣ ከነወለሉ የሚመዝነው ኪሎ፣ ወለሉ ለብቻው እንደ መለዋወጫ የሚሸጥበት ዋጋ። በኋለኛው ሳንቃ አካባቢ ሊኖር የሚገባው ሰሌዳም ይታይ። አይ.ኤስ.ኦ. 6185 በተባለው ደረጃ የተሠራ ጀልባ የሚችለውን ሞተር፣ ሰውና ጭነት ይጽፋል። ርዝመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ጀልባዎች በወለላቸው ምክንያት የተፈቀደላቸው ሞተር ሊለያይ ይችላል፤ ለአንዱ የታሰበ ሞተር በሌላው ላይ ከተገጠመ ተሳፋሪውን ለአደጋ ያጋልጣል።

የጨርቁም ነገር አብሮ ይጠየቅ። ፒ.ቪ.ሲ. ይረክሳል፣ ፀሐይ ግን ቶሎ ይጎዳዋል። “ሃይፓሎን” የሚባለው የጎማ ዓይነት ፀሐይን ይችላል፤ ስሙን ያወጣው ዱፖንት ምርቱን እ.ኤ.አ. በ2010 ያቆመ ሲሆን አሁን በዚያ ስም የሚሸጠው የሌሎች ፋብሪካዎች ነው። የሁለቱ ማስቲሽ የተለያየ ነው። ጀልባውን ጎሚስታ ዘንድ ወስዶ በመኪና ከመነዳሪ ማስቲሽ የሚያስለጥፍ ሰው ልጣፊው በመጀመሪያው ቀትር ሲላቀቅ ያገኘዋል፤ ከሥሩ የተፋቀውንም ጨርቅ ለሚቀጥለው ጠጋኝ ማስረዳት ይኖርበታል።