ራፖር ጸሐፊ

በኢትዮጵያ ከተሞች ከፍርድ ቤት በር አጠገብ፣ በአጥር ጥግ ወይም በጠባብ ክፍል ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ይገኛል። ሕዝቡ ራፖር ጸሐፊ ይለዋል። የወር ደመወዝም አለቃም የለውም፤ የሚኖረው ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ከባለጉዳዩ ጋር ተስማምቶ በሚቀበለው ክፍያ ነው። መሣሪያው ቀድሞ ብዕር፣ ኋላም የጽሕፈት መኪና ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ በኮምፒዩተር ይጽፋሉ።

ሥራው ላይ ላዩን ለሚያየው የተነገረውን መገልበጥ ይመስላል። ነገር ግን ባለጉዳይ በደሉን የሚናገረው እንደ ተሰማው ነው። ጎረቤቱ ድንበር የገፋበት ገበሬ ከአያቶቹ ዘመን የመጣውን ቂም፣ የታረቁበትን ቀን፣ የሽማግሌዎቹን ስም ሳይቀር ይዘረዝራል፤ ድንበሩ የተገፋበትን ወር ግን ሳይጠቅስ ሊያልፍ ይችላል። ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 222 እንደሚያዘው፣ የክስ ማመልከቻ የፍርድ ቤቱን ስም፣ የከሳሽንና የተከሳሽን ስምና አድራሻ፣ የክሱ ምክንያት መቼና የት እንደ ተፈጠረ፣ እንዲሁም የሚጠየቀውን ዳኝነት መግለጽ አለበት። ስለዚህ ጥሩ ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ብዙ ይጠይቃል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ዳኛ ባልተጠየቀው ነገር ላይ አይፈርድም። ለገበሬው መሬቱ እንዲመለስለት ብቻ ተጽፎ የተወሰደበት ሰብል ግምት ቢዘነጋ፣ ቢረታም እንኳ የሰብሉ ዋጋ በፍርዱ ውስጥ አይገባም። በአንድ መስመር ጉድለት የዓመት ልፋት ይቀራል ማለት ነው።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እጅግ ብዙ ሰው ፊደል ቢያስቆጥርም፣ የራፖር ጸሐፊ ገበያ አልቆመም፤ ፊደል ማወቅና የፍርድ ቤትን ቋንቋ ማወቅ የተለያዩ ናቸውና። ማንበብ ለማይችለው ባለጉዳይ ግን አደጋው የባሰ ነው። በክሱ ግርጌ፣ የቀረበው ነገር እውነት መሆኑ በሕጉ ቁጥር 92 መሠረት ይረጋገጣል። የሚያረጋግጠው የጻፈው ሰው ሳይሆን ባለጉዳዩ ነው። ነገሩን ለማሳመር ተብሎ ሐሰት ቢጨመርበት፣ ዳኛው ፊት ቆሞ የሚጠየቀው ጣቱን ቀለም ነክሮ አሻራውን ያሳረፈው ገበሬ ይሆናል። ጠንቃቃ ጸሐፊ ከማስፈረሙ በፊት ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ ባለጉዳዩ «እንዲህስ አላልሁም» ያለውንም ይሰርዛል፤ ገጹን እንደገና መጻፍ ቢያስፈልግም እንኳ።