በጎልማሳነት መካኒክነት ይለመዳል ወይ?

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)

ይህን ንግግር በጽሑፍ የምታነቡት፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ከበድ ያለ ቃል ሲገጥማችሁ ጣታችሁን አሳርፉበትና ደግማችሁ በሉት። ዛሬ እንዲህ ያሉ ቃላት ጥቂት አሉ።

የዛሬው ንግግር ከአንድ ጥያቄ የተነሣ ነው። ጠያቂው ጎረቤቴ ነው። ዕድሜው 38 ነው፤ የሦስት ልጆች አባት ነው። በአንድ መጋዘን ሌሊት ሌሊት በዘበኝነት ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ፊደል ተምሮ፣ አሁን ጽሑፍ ያነብባል። አንድ እሑድ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ እንዲህ አለኝ፦

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትስቅብኝ። በዚህ ዕድሜዬ መካኒክነት ብማር ይገባኛል? ወይስ ጊዜው አልፎብኛል?»

አልሳቅሁም። ይህንኑ ጥያቄ እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ጠይቄዋለሁ። ደመወዜ አልበቃ ሲለኝ ማስተማሩን ልተው ብዬ አስቤ ነበር። ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ስለሚሠራ ጧት አስተምር ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሰፈራችን ካለ አንድ ጋራዥ መሄድ ጀመርሁ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ተመላለስሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ አንዱን ክፍል ያየሁትን፣ አንዱን ክፍል ደግሞ ኋላ ያነበብሁትን ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ሞተር ምንድን ነው? በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ስንማር «ከሚታወቀው ተነሥተህ ወደማይታወቀው ሂድ» ይሉን ነበር። እንግዲህ ከሚታወቀው እንነሣ። የብስክሌት ጎማ የሚነፋበትን ፖምፓ ታውቃላችሁ። አፉን በአውራ ጣታችሁ ድፈኑና እጀታውን ወደ ታች ግፉት። አየሩ ይታመቃል፤ ይገፋችኋል። ደጋግማችሁ ብታደርጉት የፖምፓው ጫፍ ይሞቃል። የታመቀ አየር ይሞቃል ማለት ነው። ይህን ከያዛችሁ የሞተሩን ግማሽ አወቃችሁ።

በሞተር ውስጥ ሲሊንደር የሚባል ክብ ቀዳዳ አለ። በውስጡ ፒስተን የሚባል ብረት ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይመላለሳል። ልክ እንደ ፖምፓው። የቤንዚን ሞተር አራት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ፒስተኑ ይወርድና አየርና ቤንዚን ይስባል። ሁለተኛ፣ ወደ ላይ ይወጣና የሳበውን ያምቃል። ሦስተኛ፣ ካንዴላ የእሳት ብልጭታ ይሰጣል፤ የታመቀው ይቃጠላል፤ ፒስተኑን በኃይል ወደ ታች ይገፋዋል። መኪናውን የሚያስኬደው ይህ ግፊት ብቻ ነው። አራተኛ፣ ፒስተኑ ይወጣና ጭሱን ያስወጣል። ከዚያ እንደገና መሳብ። ሳብ፣ እመቅ፣ አቃጥል፣ አስወጣ። ጋራዥ ውስጥ ይህን እንደ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ አስጠንተውኛል።

መኪና ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል እንበል። በየሁለት ዙሩ አንድ ቃጠሎ አለ። ስለዚህ አንዱ ፒስተን ብቻ በደቂቃ 400 ጊዜ ይቃጠልበታል። በሰከንድ ከ6 ጊዜ በላይ ማለት ነው። ሲሊንደሮቹ አራት ከሆኑ በተራ ነው የሚቃጠሉት፤ በብዙዎቹ መኪናዎች ተራው 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። አንዱ ተራውን ካልጠበቀ ወይም ካልተቃጠለ ሞተሩ ያነክሳል። ጆሮ ያለው ሰው ይሰማዋል።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ታዲያ በምን ይቃጠላል? ፖምፓውን አስታውሱ። አየሩን ብቻ በጣም ያምቀዋል፤ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ገደማ። አየሩ እጅግ ይግላል። በዚያ ላይ ናፍጣ ሲረጭበት ራሱ ይቀጣጠላል። በቃ።

ይህን የአራት ሥራ ሞተር እንዲሠራ ያደረገው ኒኮላውስ ኦቶ የሚባል ጀርመናዊ ነው። ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር 1876 ነበር። ኦቶ የምህንድስና ትምህርት ቤት አልገባም። ሸቀጣ ሸቀጥ እየዞረ የሚሸጥ ሰው ነበር። ስለ ሞተር ሰምቶ ሥራውን ቀየረ፤ ይህ ሞተር ሲሳካለት ዕድሜው 44 ገደማ ነበር። ይህን ለጎረቤቴ ብነግረው «እሱ ሦስት ልጅ ነበረው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሴቶችስ? ለሚሉኝ ደግሞ ቤርታ ቤንዝን እጠራለሁ። በፈረንጆች 1888፣ በ39 ዓመቷ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን አሳፍራ የባሏን የካርል ቤንዝን መኪና ለባሏ ሳትነግር ነድታ ወጣች። ከማንሃይም እስከ ፕፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደች። በመንገድ ላይ የቤንዚን መውረጃው ሲደፈን በባርኔጣ መርፌዋ ጠረገችው። ፍሬኑ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ፈልጋ ቆዳ አስመታችበት። ነዳጅ የገዛችው ከመድኃኒት ቤት ነው። የነዳጅ ማደያ የሚባል ነገር ገና አልነበረም።

ወደ አገራችን እንመለስ። መኪና አዲስ አበባ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነው ይዞት የመጣው። የጋራዡ ቋንቋ ግን ከእንግሊዝ አልመጣም። አብዛኛው ጣሊያንኛ ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን ስገባ አንድም ነገር አልገባኝ ብሎ ነበር። «ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ጓርኒሲዮኑ ነድዷል፣ ኩሽኔታው ይጮኻል» ሲሉ እንደ ውጭ አገር ሰው ቆሜ አያለሁ። ኋላ ትርጉሙን ስጠይቅ ግን ወደድሁት።

ካንዴላ ማለት በጣሊያንኛ ሻማ ነው። ሞተሩን የሚያበራው ሻማ። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ማለት ነው፤ የሚዞረው ዘንግ የሚያርፍበት ነው። ማርሚታ ድስት ማለት ነው፤ የጭሱን ድምፅ የሚውጠው ከመኪናው በታች ያለው ጣሳ ነው። ባልስትራ የቀስት መወርወሪያ ነው፤ በጭነት መኪና ሥር የተደራረበውን ጎባጣ ብረት ካያችሁ ስሙ ልክ መሆኑን ታውቃላችሁ። ፋሻንማ ቁስል ስለምናስርበት እናውቀዋለን፤ በጋራዥ ግን ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት ነው። ፋሻው ሲያልቅ ዘይት ወደ ላይ ያልፋል፤ መኪናው ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል። እንግዲህ ታክሲ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ሲለቅ ብታዩ ምን እንደሆነ መጠርጠር ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ጋራዡ ጌታ ልምጣ። ስማቸውን አልጠራም። በእድሜ የገፉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ብረት ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ረጅም ካቻቢቴ ያመጡና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። ከዚያ «ሦስተኛው ነው» ይላሉ። ሲፈታ ሦስተኛው ሆኖ ይገኛል። እኚህ ሰው ግን ማንበብ አይችሉም ነበር። የሰው ሂሳብ የሚይዙት በግድግዳ ላይ በጠመኔ እያሰመሩ ነው። አንድ ቀን ዝናብ ገብቶ ግድግዳውን አጠበው። ማን ስንት እንዳለበት ጠፋ። ሁለት ደንበኞች «ከፍለናል» ብለው ተከራከሩ። ጋሼ አልጮኹም፤ ለጥቂት ቀን ግን ምሳ አልበሉም።

እኔም አልኋቸው፦ «ጋሼ፣ ሞተሩን ያስተምሩኝ፤ እኔ ፊደሉን ላስተምርዎ።» «በዚህ ሽበት?» አሉኝ። «እኔስ በዚህ ዕድሜ የመኪና ዘይት እያጠብሁ አይደል?» አልኋቸው። ሳቁና ተስማሙ። መጀመሪያ የተማሩት ቁጥር ነው። ቁጥሩንማ ግማሹን ያውቁት ነበር፤ ቁልፎቹ ላይ 8፣ 10፣ 12፣ 13፣ 14፣ 17፣ 19 የሚል ተጽፎ አለ። በመልኩ ያውቁታል እንጂ ማንበባቸውን አያውቁም ነበር። ቀጥሎ የሰሌዳ ቁጥር ጻፉ። ቀጥሎ የደንበኛ ስም። ሌላም ነገር አለ። የሞተሩ ራስ ሲታሰር ቡሎኖቹ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በደረጃ በደረጃ ነው የሚጠብቁት። በስንት ኃይል እንደሚጠብቁ በመኪናው መጽሐፍ ሰንጠረዥ አለ። ጋሼ በክንዳቸው ይለኩት ነበር። ብዙ ጊዜ ይሳካል፤ ሳይሳካ ሲቀር ጓርኒሲዮኑ ይነድዳል፤ ውሃና ዘይት ይደባለቃል። ሥራው በነጻ ይደገማል። ሰንጠረዡን ማንበብ ከጀመሩ ወዲህ ክንዳቸው ዐርፏል።

ስለ እኔ ትምህርት ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ሁለት ወር ያጠፋሁት ዕቃ በማጠብና በማቀበል ነው። አለቃዬ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። «ጋሼ፣ 13 ቁልፍ አቀብለኝ። 13 አልሁህ እኮ፣ ይህ 14 ነው!» ይለኛል። ጧት በእኔ ፊት ተማሪዎች ቆመው ይመልሳሉ፤ ከሰዓት እኔ ቆሜ እወቀሳለሁ። ጎልማሳን ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው እላለሁ። እጅ ይለመዳል። ከልጅ መታዘዝ ነው ቀስ ብሎ የሚለመደው።

ጎልማሳ የሚበልጥበትም አለ። ልጁ ቶሎ ይፈታል፤ የፈታውን ግን የት እንዳስቀመጠ ይረሳል። እኔ የፈታሁትን በተራ ጨርቅ ላይ አሰልፍ ነበር። የመጨረሻ የተፈታው መጀመሪያ ይታሰራል።

አንድ ጥፋቴን ሳልናገር አላልፍም። የአንድ ሚኒባስ የፍሬን ሸራ ቀየርን። አየር ከፍሬን ዘይቱ እንዲወጣ በየጎማው ያለችው ትንሽ ቡሎን ትላላለች፤ ፔዳሉ ይረገጣል፤ ከዚያ ቡሎኗ ትጠብቃለች። ሦስቱን አጠበቅሁ። አራተኛውን ሳጠብቅ ሰው ጠራኝ፤ ተውኩት። ጎማውን አስሬ «አልቋል» አልሁ። ሾፌሩ ቁልፉን ይዞ ቆሟል፤ ተሳፋሪ ይጠብቀዋል። ጋሼ ግን ልማድ አላቸው። መኪና ከመውጣቱ በፊት ገብተው ፔዳሉን ረግጠው ይቆያሉ። ረገጡት። ፔዳሉ ቀስ እያለ ሰመጠ። ምንም ሳይናገሩ ወርደው የኋላውን የቀኝ ጎማ በእጃቸው አሳዩኝ፤ ዘይቱ ይንጠባጠባል።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። በማግስቱ አራት ጎማ በወረቀት ሣልሁና ከጎኑ ባዶ ቦታ ተውሁ። ያጠበቀ ሰው ይፈርማል። ጋሼ አሁንም ያንኑ ወረቀት ያባዛሉ፤ የራሳቸውን ስምም ይፈርሙበታል።

ለጎረቤቴ ይህን ሁሉ ነገርሁት። ከዚያ ስለ ጥንቃቄ ጨመርሁ፤ እናንተም ያዙት። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር አትግቡ፤ ክሪክ ይንሸራተታል፣ ጠንካራ መቆሚያ ይደረግ። የጋለ ራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። ባትሪ ስትፈቱ መጀመሪያ የኔጋቲቩን ገመድ ፍቱ፤ ስታስሩ እሱ የመጨረሻ ይሁን። በተዘጋ ቤት ሞተር አታስነሡ፤ የጭሱ መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል።

«ገንዘቡስ?» አለኝ። እኔ በመጀመሪያው ስድስት ወር ያገኘሁት ምሳና የታክሲ ብቻ ነው። ከዚያ ትንሽ ትንሽ ይሰጡኝ ነበር። ለብቻ ሞተር አውርዶ ለመስቀል ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ሁለት ልጆች ስላሉኝ ማስተማሩን መተው አልቻልሁም፤ አልተውሁምም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እሄዳለሁ። ስለዚህ «ሥራህን ዛሬ ልቀቅ» አላልሁትም። ሌላም መንገድ አለ። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የመኪና ጥገናን በደረጃ ያስተምራሉ። በሥራ ላይ የተማረ ሰውም የብቃት ምዘና ተፈትኖ ካለፈ የምስክር ወረቀት ያገኛል። ምዘናው ጥያቄውን ማንበብ ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ አሁን ያነብባል።

አንድ ነገር ግን ደበቅ ሳላደርግ ነገርሁት። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተወስኗል። የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። እሱ ካንዴላ የለውም፤ ፋሻ የለውም፤ የሞተር ዘይት አይቀየርለትም። ፍሬን፣ ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ መሪ ግን አለው። ባትሪው እንደ ለመድነው 12 ቮልት ብቻ አይደለም፤ በመቶ የሚቆጠር ቮልት ይይዛል። ሳይማሩ የነኩት ይገድላል። ቀድሞ የገቡት መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ይጠገናሉ። ቢሆንም ዛሬ የሚጀምር ሰው የኤሌክትሪኩን ነገር ጎን ለጎን ቢይዝ ይሻለዋል።

ጎረቤቴ ከባለቤቱ ጋር ሁለት ሳምንት መከረ። እሷ የፈራችው ደመወዙ እንዳይቀር ነው። በዘበኝነቱ ቆይቶ ከሰዓት በኋላ ወደ ጋሼ ጋራዥ እንዲሄድ ተስማሙ። ሄደ። እነሆ ወሩ አለፈ። ትናንት ማታ ጥፍሩ ጠቁሮ በሬን አንኳኳ። በእጁ አሮጌ የዘይት ፊልትሮ ይዟል። ከጎኑ የተለጠፈች ወረቀት ላይ አንድ ሰው በአማርኛ የቀየረበትን ቀንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጽፎባታል። «መምህር» አለኝ፣ «አንብቤዋለሁ። ባለመኪናው ከዚህ ቁጥር ወዲህ 11 ሺህ ነድቶበታል። 5 ሺህ ላይ መቀየር ነበረበት፤ እኔ ነኝ ለጋሼ የነገርኋቸው።»

ለዛሬ የያዝሁት ይህ ነው። እንደምን አምሹ።