እሑድን ወደ ቤካ ሸለቆ፦ በሱቅ የማይገኝ ወይን ጠጅ ፍለጋ

ከሳምንቱ ቀናት የእናንተ የምትባለው እሑድ ብቻ ናት፤ እርሷም ፈቃድ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ጉዞ ስታስቡ «ካልተመቸ ነገ እንሄዳለን» ማለት አትችሉም። ከቤይሩት ወጥታችሁ በቤካ ሸለቆ ወይን ጠጅ የሚጠመቅበትን ስፍራ ለማየት፣ በሱቅ የማይገኝ ጠርሙስም ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ይህን ምክር አንብቡ።

በመጥመቂያው ብቻ የሚሸጥ ወይን ጠጅ ለምን ይኖራል? በአገራችን ጉደርና አክሱሚት በየግሮሰሪው ስለሚሸጡ ነገሩ እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ጠማቂው ከአንድ ማሳ ጥቂት በርሜል ብቻ ካገኘ ለአከፋፋይ የሚበቃ ስለማይኖረው እዚያው ለጎብኚ ይሸጠዋል። ለሙከራ የተጠመቀውና ለዓመታት ተቀምጦ የቆየውም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው።

አንደኛ፦ ከሁሉ በፊት ወረቀታችሁን ተመልከቱ። በመንገዱ ላይ የወታደር ኬላ አለ። ዋናውን ኢቃማ ያዙ፤ ለማዳም የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ንገሩ። ኢቃማዋ ያልተስተካከለ እህት ግን ለአንድ ጠርሙስ ብላ ራሷን ለእስር አታጋልጥ። ሸለቆው እ.ኤ.አ. በ2024 በጦርነቱ ስለተደበደበ፣ በዚያው ሳምንት መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። በክረምት ደግሞ የዳህር ኤል ባይዳር ተራራ በበረዶ ሊዘጋ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ደውሉ። እሑድ ክፍት መሆናቸውን፣ ለጉብኝትና ለቅምሻ ስንት እንደሚያስከፍሉ ጠይቁ። በቡድን ቫን ከተከራያችሁ የደርሶ መልስና የጥበቃውን ዋጋ ሳትሳፈሩ ተስማሙ።

ሦስተኛ፦ ሁለት ቦታ ይበቃል። በዛህሌ አጠገብ ያለው ሻቶ ክሳራ እ.ኤ.አ. በ1857 በኢየሱሳውያን መነኮሳት የተጀመረ ሲሆን፣ እስከ 1973 በእነርሱ እጅ ቆይቷል። ከሥሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የሮማውያን ዘመን ዋሻ አለ። ውስጡ በበጋም ቀዝቃዛ ነውና ሹራብ ያዙ። የክሳራ ወይን ጠጅ በየሱፐርማርኬቱ ስላለ፣ እዚያ የምትጠይቁት የቆዩ ዓመታትን ነው። በመልስ መንገድ ሽቱራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1868 የተመሠረተውን ዶሜን ዴ ቱሬልን እዩ። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ከሄዳችሁ ወይኑ ሲለቀም ትደርሳላችሁ።

አራተኛ፦ በምታውቁት ዓረብኛ ጠይቁ። «ፊ ንቢድ ቢትቢዑ በስ ሆን?» በሉ፤ እዚህ ብቻ የምትሸጡት ወይን ጠጅ አለ ወይ ማለት ነው። ኦበይዲና መርዋህ ከሚባሉት ከአገሩ የወይን ዘሮች የተጠመቀ ካላቸውም ጠይቁ። ዋጋው በዶላር ወይስ በሊራ መሆኑን ሳትቀምሱ እወቁ። መቅመስ መግዛትን አያስገድድም፤ የወር ደመወዛችሁን የሚነካ ጠርሙስ ከሆነ «ሹክራን» ብላችሁ ውጡ።

አምስተኛ፦ ቅምሻ መጠጣት አይደለም። አፍ ውስጥ አዙሮ መትፋት ነውር የለውም፤ ማስቀመጫ ዕቃ ይሰጧችኋል። ማታ ወደ ሰው ቤት ተመላሽ ናችሁና እህል ቅመሱ፣ ውኃ ጠጡ። መጠጥ ወደማይገባበት ቤት የምትመለስ እህት ጠርሙሷን በጓደኛ ቤት ታስቀምጥ። ጠርሙሱን ፀሐይ በሚመታው ቫን ውስጥ አትተዉት፤ ሙቀት ጣዕሙን ያበላሻል።

ለወላጅ ወይም ለወንድም ስጦታ ወደ አገር ቤት የምትወስዱ ከሆነ፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ አያልፍም። በልብስ ጠቅልላችሁ በሚጫነው ሻንጣ መካከል አድርጉት። በረራችሁ በኩዌት ወይም በሳዑዲ ዓረቢያ በኩል ከሆነ ግን ተዉት፤ ወደዚያ መጠጥ ማስገባት ክልክል ነው።

እህቶች፣ አብራችሁ ሂዱ፤ አብራችሁም ተመለሱ። ጠርሙሱ ባይገኝ እንኳ ተራራውን ተሻግራችሁ የወይን ማሳ አይታችሁ መመለሳችሁ አይቀርም። መልካም ጉዞ!