ሳይጠሩት የሚመጣ ትዝታ

በካኩማ የውሃ ሰልፍ ላይ ቆመው ሳለ የናፍጣ ሽታ ወይም በቆርቆሮ ላይ የወደቀ የድንጋይ ድምፅ ድንገት ሊያስደነግጥዎ ይችላል። ላብ ያጠምቅዎታል፤ ያለፈው ነገር አሁን የሚፈጸም ይመስልዎታል። ብዙ ሰው «አበድኩ እንዴ?» ብሎ ይደብቀዋል። እብደት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት፣ ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ከ5 ሰዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት።

አደጋ ሲደርስ አእምሮ በዙሪያው የነበረውን ሽታና ድምፅ ከፍርሃቱ ጋር አያይዞ ያስቀምጣል። በተለይ ሽታ ፍርሃትና ትዝታ ወደሚያዙበት የአንጎል ክፍል በአጭር መንገድ ይደርሳል። ስለዚህ ምን እንደሸተተን ሳናውቅ ሰውነታችን ቀድሞ ይደነግጣል። (ቡና ሲቆላ የእናት ቤት ትዝ የሚለንም በዚሁ መንገድ ነው።)

ትዝታው ሲመጣ እግርዎን መሬት ላይ አጥብቀው ያሳርፉ፤ ቀስ ብለው ይተንፍሱ፤ የሚያዩዋቸውን 5 ነገሮች በስማቸው ይጥሩ፤ ያሉበትን ቦታና ቀኑን ለራስዎ ይንገሩ። ጫትና አረቄ የሚያስረሱ ይመስላሉ፤ እንቅልፍን ግን ያበላሻሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ የእንቅልፍ ክኒንም ሱስ ሊያስይዝ ይችላል። ልጅዎ አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ አይቆጡት፤ እሱም ፈርቶ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ከ1 ወር በላይ ከቆየ ወይም ከቤት መውጣት ካስፈራዎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ወር አይጠበቅም፤ የዚያኑ ዕለት ይሂዱ። የደረሰብዎትን ሁሉ እንዲናገሩ አይገደዱም። አስተርጓሚው ጎረቤትዎ ሆኖ ካልተመቸዎት ሌላ ሰው እንዲመጣልዎ ይጠይቁ።