የታመመ ሕፃን በመኪና ሲወሰድ

ሕፃን በሌሊት ሲታመም ቤቱ በሙሉ ይነሣል። አባት ጫማውን ሳያስር ይወጣል፤ እናት ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ትከተላለች፤ ጎረቤት መኪናውን ያስነሣል። የሁሉም አፍ አንድ ነገር ይላል፤ ቶሎ! ቶሎ! በዚህ ሰዓት ስለ ቀበቶና ስለ ሕፃን መቀመጫ የሚያነሣ ሰው ቢኖር፣ «አሁን ይሄ ነው የታየህ?» መባሉ አይቀርም። ቁጣው ይገባናል። ነገር ግን ጉዳዩን አስቀድመን፣ ልጁ ጤነኛ ሳለ ብናስብበት፣ በዚያች ሌሊት ብዙ አንከራከርም።

በመጀመሪያ መኪና ሲጋጭ ምን እንደሚሆን እንመልከት። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በውስጡ ያለው ሰውም ዕቃም በዚያው ፍጥነት እየተጓዘ ነው። መኪናው ተጋጭቶ ቀጥ ሲል፣ ያልታሰረው ሁሉ ጉዞውን ይቀጥላል። በዚህ ፍጥነት ከግንብ ጋር መጋጨት 10 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ቦታ እንደ መውደቅ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ማለት ነው።

«እናቱ አጥብቃ ይዛው የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት በክንዷ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከአንድ ኩንታል እህል ክብደት ይበልጣል። ኩንታል ጤፍ ቢወረወርባት ቀልባ የምታስቀር እናት የትም የለችም። ፍቅር አንሷት አይደለም፤ ክንድ ስለማይችለው ነው። ይባስ ብሎ እናትየዋ ራሷ ካልታሰረች ሙሉ ክብደቷ በልጁ ላይ ይወድቃል። አንዱን ቀበቶ ለሁለት መታጠቅም እንዲሁ ነው፤ ልጁ በቀበቶውና በእናቱ መካከል ይጨፈለቃል። ልጅን እንዳዘሉ መኪና ውስጥ መቀመጥም ያው ነው። ማዘያ ለእግር መንገድ ጥሩ ነው፤ መኪና ውስጥ ግን ልጁ በእናቱ ጀርባና በመቀመጫው መካከል ይገባል።

ይህን ሕግ አውጪዎችም በአንድ ጊዜ አልተረዱትም። በአሜሪካ የቴነሲ ክፍለ ግዛት፣ ሮበርት ሳንደርስ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ባደረገው ጉትጎታ፣ ትንንሽ ልጆች በልዩ መቀመጫ ታስረው እንዲጓዙ የሚያዝዝ ሕግ ወጣ። ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን በዚያች አገር የመጀመሪያው ነበር። ይሁንና አንድ ቀዳዳ ነበረበት፤ ሕፃኑ በትልቅ ሰው ክንድ ከታቀፈ ይፈቀድ ነበር። የሕጉ ደጋፊዎች ይህን አንቀጽ «ልጅ ጨፍላቂ» ብለው ጠሩት፤ በ1981 ተሰረዘ። እስከ 1985 ድረስ ሃምሳውም ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸውን ሕግ አወጡ።

እንግዲህ ወደ ጥድፊያው እንመለስ። የለመደ ሰው ሕፃኑን መቀመጫው ላይ አስሮ ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ጤና ጣቢያው 10 ኪሎ ሜትር ይርቃል እንበል። ሾፌሩ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢነዳ በ10 ደቂቃ ይደርሳል፤ በ80 ቢከንፍ በ7 ደቂቃ ተኩል። ያ ሁሉ መክነፍ የሚያተርፈው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። መንገድ ላይ አህያ ከገባች ደግሞ እሷም የለችም።

«ለታመመ ልጅ አንዲት ደቂቃስ ቀላል ናት ወይ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። መልሳችን እንዲህ ነው፤ አንድ ደቂቃ የማይታገስ ሕመም የሃያ ደቂቃ መንገድም አይታገስም። እንዲህ ያለው ነገር መፍትሔው መኪና አይደለም፤ እዚያው በቆሙበት የሚደረግ ነገር ነው።

ለምሳሌ ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ምግብ ወይም ዕቃ ጉሮሮውን ዘግቶት ማልቀስም መሳልም ቢያቅተው፣ መኪና መፈለግ ሞቱን መጠበቅ ነው። ሕፃኑን በክንድ ላይ በሆዱ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ከሰውነቱ ዝቅ አድርጎ፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ 5 ጊዜ መምታት፤ ካልወጣ ገልብጦ ደረቱ መካከል ላይ በሁለት ጣት 5 ጊዜ መጫን፤ እስኪወጣ ድረስ ይህንኑ መደጋገም። ልጁ በኃይል እየሳለ ከሆነ ግን አትምቱት፤ ሳሉ ራሱ ያወጣዋል። ደም በብዛት የሚፈስ ከሆነም ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ከመንገዱ ይቀድማል።

የሚያንቀጠቅጠው ልጅስ? በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት በየሰፈሩ የተለመደ ነው፤ ምንም አይጠቅምም፤ ይልቅ ሰዓት ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ መንቀጥቀጡ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ታስሮ ይሄዳል። 5 ደቂቃ ካለፈ ግን አደጋው ከባድ ነው። አምቡላንስ በሚደርስበት ቦታ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 መጥራት ይቻላል።

አምቡላንስ ከሌለስ? ሚዛኑ በእውነት የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ራሱን የሳተና የሚያስመልሰው ልጅ በጎኑ መተኛት አለበት፤ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብሎ ቢታሰር ትውከቱ ሊያንቀው ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ መቀመጫው ይቅር እንላለን። ልጁ በኋላው ወንበር በጎኑ ይተኛ፤ ታጥቆ የተቀመጠ ሰው ትንፋሹን እያየ ይደግፈው። የመቀመጫው ጉድለት የሚካካሰው በሾፌሩ እርጋታ ብቻ ነው።

መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ቀኑን አንቀጥቅጦት የነበረ ወይም እንደ ወትሮው የማይነቃ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ሆኖም ለመታሰሪያዋ ደቂቃ ጊዜ አለው። በሚያስቸግረው ትንፋሽ የሚተነፍስ ከሆነ ደግሞ አንገቱን ተመልከቱ። አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ አየር መተላለፊያው ይጠባል፤ ስለዚህ መቀመጫው ወደ ኋላ ጋደል ይበል። ትንሽ ሕፃን ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ ነው የሚቀመጠው፤ ጭንቅላቱ ከባድ፣ አንገቱም ለጋ ስለሆነ በግጭት ጊዜ የመቀመጫው ጀርባ ደግፎ ይይዝለታል። ፊት ለፊት የአየር ከረጢት ባለበት በጋቢና ግን ይህ መቀመጫ ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ከረጢቱ በድንገት ሲነፋ የሚመታው የሕፃኑን ጭንቅላት ነው።

ጋቢውን እንዳንረሳ። ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልሎ ከላይ ማሰር ያሰሩ ይመስላል እንጂ ማሰር አይደለም። በግጭት ጊዜ ጋቢው ይጨመቅና ቀበቶው ይላላል፤ ልጁም ሾልኮ ይወጣል። መጀመሪያ በስስ ልብስ ይታሰር፣ ጋቢው ከቀበቶው በላይ ጣል ይደረግለት። ትኩሳት ካለበትማ ጋቢው ራሱ አያስፈልገውም።

በአገራችን አብዛኛው መኪና የሕፃን መቀመጫ የለውም። ከሌለ ፍለጋ ሰፈር አትዙሩ፤ በመጀመሪያ በተገኘው መኪና ሂዱ። የፒካፕ ኋላ ላይ ግን አትጫኑት። ሕፃኑ ከኋላ ወንበር ከሰው ጋር ይሁን፤ የያዘው ሰው ለራሱ ይታጠቅ፣ ቀበቶው ልጁን ሳይጨምር። ለብቻው ቁጭ የሚል ትልቅ ልጅ የራሱን ቀበቶ በዳሌው ዝቅ አድርጎ ይታጠቅ። ጡት የምታጠባ እናት «አቁምልኝ» ትበል፤ መኪናው ዳር ይያዝና ታጥባ። አባት ብቻውን ከሆነ ደግሞ ጎረቤቱን ይቀስቅስ፤ እየነዱ የታመመ ልጅ መጠበቅ አይቻልም፤ በየጊዜው ዞር የሚል ሾፌር መንገዱን አያይም።

በመልሱም መንገዱ ያው መንገድ ነው። ልጁ መርፌውን ተወግቶ፣ ትኩሳቱ በርዶለት፣ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሊተኛ ይፈልጋል፤ እናቱም ሌሊቱን ሙሉ ፈርታ ስላደረች ልታቅፈው ትፈልጋለች። ቤት እስኪደርሱ ይቆይ።