ሐኪሙ አዛዥ

የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት ሰዎች አንዱ ቤንጃሚን ረሽ የተባለ ሐኪም ነበር፤ እርሱም በስኮትላንድ በኤድንብራ ሕክምናን ተምሮ በ1768 እ.ኤ.አ. ከተመረቀ በኋላ፥ በፊላዴልፊያ ሕሙማንን እየጠየቀ የመንግሥትንም ጉባኤ እየተካፈለ ዘመኑን ፈጸመ። በኤድንብራ የተማረ፥ ከሕክምናም ወደ መንግሥት ሥራ የተሻገረ ሰው እኛም አለን፤ እርሳቸውም ሐኪም አዛዥ ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ታሪካቸውን በዱባይ፥ በሻርጃና በአጅማን ልጆች ለሚያሳድጉ፥ ልጆቹም አማርኛውን እየዘነጉት ሲሄዱ እያዩ ለሚጨነቁ ወገኖቻችን ማስተዋወቅ እጅግ ይገባል እላለሁ፤ የእናቱን ቋንቋ በሕፃንነቱ የተነጠቀ ሰው ለአገሩ ምን ያህል ሊጠቅም እንደሚችል ከዚህ ሕይወት ይልቅ የሚያስረዳ አላገኘሁምና።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ነፍሳቸውን በገዛ እጃቸው ባሳለፉ ጊዜ፥ በዚያ ሽብር ከወላጆቹ የተለየ የሦስት ዓመት ያህል የጎንደር ሕፃን ከእንግሊዞች እጅ ገባ። አንድ የጦር መኮንን ወደ ህንድ ወሰደው፤ ከአሳዳጊዎቹም ስም ተወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በላሆር ሕክምናን ተማረ፤ በስኮትላንድ ዕውቀቱን አስፋፋ፤ ከዚያም በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆነ።

በርማ በዚያን ጊዜ የብሪታንያ ህንድ ክፍል ነበረች። የዱባይ፥ የሻርጃና የአጅማን ሼኮችም በ1892 እ.ኤ.አ. የውጭ ጉዳያቸውን ከእንግሊዝ በቀር ከሌላ መንግሥት ጋር ላለማድረግ ውል ሲገቡ፥ በባሕረ ሰላጤው የእንግሊዝን ጉዳይ የሚመራው ይኸው የህንድ መንግሥት ነበር፤ ወጣቱ ሐኪም ደመወዙን የሚቀበልበት ሩፒም በዱባይ ክሪክ ዳር የሉል ነጋዴዎች የሚገበያዩበት ገንዘብ ነበር። ስለዚህ የወርቅነህ ስደትና የዛሬዎቹ የባሕረ ሰላጤው ስደተኞቻችን ኑሮ፥ ዘመኑ ቢራራቅም፥ በአንድ የባሕር መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

ከዓድዋ ድል በኋላ፥ በ1892 ዓ.ም.፥ ሐኪሙ አዲስ አበባ ገቡ። አማርኛ አያውቁም፤ ስማቸውም አለባበሳቸውም የእንግሊዝ ነው። ማንነታቸውን ያረጋገጠላቸው ወረቀት ሳይሆን ሥጋቸው ነበር፤ አያታቸው መጥተው በክንዳቸውና በእግራቸው ላይ ከሕፃንነት የቀሩትን ጠባሳዎች አይተው «ልጄ ነው» አሉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የጠፋው ወርቅነህ በዚያች ሰዓት ተገኘ።

ወደ በርማ ተመልሰው አገልግሎታቸውን ከፈጸሙ በኋላ ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። በጎልማሳነታቸው አማርኛን አጥንተው፥ ለተማሪዎች የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ እስከ መጻፍ ደረሱ፤ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም የበላይ ሆነው አገለገሉ። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ሐይቅ ግድብ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከው ሳሉ፥ ኒው ዮርክ ውስጥ በሃርለም ጥቁር አሜሪካውያንን አግኝተው፥ የተማሩት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዟቸው።

በእኔ አስተያየት ግን ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው በምሥራቅ ኢትዮጵያ የጨርጨር አገረ ገዥነታቸው ነው። በዚያን ዘመን ሹም የሚኖረው ከገባሩ በሚቀበለው ግብርና አገልግሎት ስለ ነበር፥ አገር የሚያስተዳድረውና ከአገሩ የሚበላው አንድ ሰው ነበር። አዛዥ ወርቅነህ በአሰበ ተፈሪ ተቀምጠው፥ የተማሩ ወጣቶችን ሰብስበው፥ ሹማምንቱ በደመወዝ እንዲሠሩ፥ ግብሩም በደንብ እንዲወሰን፥ መንገድም እንዲወጣ አደረጉ፤ ጨርጨርም ለሌላው ግዛት አርአያ እንድትሆን ታሰበች። የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ባይመጣ ኖሮ ይህ ሥርዓት የት ይደርስ እንደ ነበር ሳስብ ልቤ ያዝናል።

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ ወረራው በተጀመረም ጊዜ ስለ አገራቸው ለእንግሊዝ ሕዝብ ሳይታክቱ አስረዱ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በኢጣሊያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ በአዲስ አበባ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በወረደው እልቂት፥ ወራሪውን በሚዋጋው በጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ የነበሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ተገደሉ። አባት መርዶውን በባዕድ አገር ሰሙ፤ ነጻነትም ሲመለስ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በዚያው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።